ሁለት ወንበር

ልጄ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። "አባዬ፣ እንደ ድሮዋ መኪናህ ዓይነት ቀላል፣ ርካሽ የስፖርት መኪና ዛሬ ቢመጣ ሰው ይገዛዋል?" አለችኝ። ቢሮዋ ውስጥ በዚህ ተከራክረው ኖሯል። እኔ ስለ መኪና ማውራት ከደከመኝ ቆይቷል። ጉልበቴን ያመኛል፣ መብራት ሄዷል፣ ሙቀቱ እንደሆነ የጋምቤላ ነው። የልጅ ጥያቄ ሆነብኝና "መግዛቱንስ ይገዛዋል፤ ማንን እንደሚያሳፍርበት እንጃ" አልኳት። ሳቀች። የነገሩን ግማሽ አታውቅም፤ እሷ ከመወለዷ በፊት ነው።

ያኔ ክልል ከሆንን ገና ሁለት ሦስት ዓመታችን ነበር። እኔ ከደጋ መጥቼ ስንት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ወደ ትምህርት ቢሮ ተዛውሬያለሁ። ቢሮ ይባል እንጂ ለሦስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ነበረን። ቀድሞ የገባ ይቀመጣል፣ የዘገየ መስኮት ተደግፎ ደብዳቤ ያረቃል። ማኅተሙ የመጣው ከወንበሩ በፊት ነው። ማታ ማታ ኒውላንድ ሠፈር ያለው ቤቴ ስገባ ወገቤ ቁርጥ ብሎ ነበር።

መኪናዋን የገዛኋት አቦቦ በኩል በግድብ ሥራ ላይ ከነበረ የውጭ አገር ቴክኒሽያን ነው። አገሩ ሲገባ ይዟት መሄድ አልቻለም፤ በሞተር ሳይክል ዋጋ ለቀቀልኝ። ሁለት ወንበርና የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው ትንሽ መኪና ናት። ኮፈኗን ስከፍት ሁሉም ነገር ይታየኛል። ካርቡራቶሩ ይኸው፣ ካንዴላዎቹ ይኸው፣ የማላውቀው አንድ ሽቦ የለም። ሦስት ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ ከያዝኩ ፈትቼ እገጥማታለሁ። የዛሬዎቹ አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ ካለችባቸው ላፕቶፕ ካልተሰካባቸው ሕመማቸውን አይናገሩም። እሁድ ጠዋት ጣሪያዋን አጥፌ በጠጠሩ መንገድ ስለቃት፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢሮውም፣ ሙቀቱም፣ ዝውውር ጠይቄ የተከለከልኩት ነገርም ይረሳኝ ነበር። በዚያ ዘመን ደስ ያለኝ ነገር ይቺ ብቻ ነበረች ብል አልዋሸሁም።

ችግሩ፣ ጋምቤላ ውስጥ መኪና የአንድ ሰው አልነበረም። መንገድ ላይ እጁን ያነሣን ሰው ጥሎ ማለፍ ነውር ነው። የመንግሥት ፒካፖች እንኳ ከኋላ አሥራ አምስት ሰው፣ ሁለት ፍየልና አንድ አልጋ ጭነው ነው የሚሄዱት። እኔ ስመጣ ሰዎች እጃቸውን ያነሡና ወንበሩን አይተው መልሰው ያወርዱታል። የቢሯችን ዘበኛ፣ ረጅም ዝምተኛ አኙዋ፣ መጀመሪያ የያዝኳት ቀን ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞሮ አያትና "አንተ መኪናህ ሰው አይወድም" አለኝ። አማርኛን የተማረው ሥራ ላይ ነው፤ ያየውን ግን አልሳተም። ሳቅ ብዬ አለፍኩት እንጂ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ባለቤቴ የጎሬ ልጅ ናት። በበጋው መጨረሻ ላይ ከደጋ የወረደ ሰው መልእክት ይዞላት መጣ፤ "አባትሽ ደክመዋል፣ ድረሺ" የሚል። ትንሽ አሟቸዋል ከተባለ ገና ጊዜ አለ። ድረሺ ከተባለ ግን ሁሉም ያውቀዋል። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችባት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ፀጉሯን እንኳ የሚሠሩላት እሳቸው ነበሩ። አልጮኸችም። ቁጭ አለችና "በሕይወት ሳለ ዓይኑን ልየው እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም" አለችኝ።

የሠፈራችን ባለሱቅ ሐጂ በማግስቱ እህል ሊያመጡ በጭነት መኪናቸው ወደ ጎሬ ሊወጡ ነበር። ወሬውን ሰምተው ማታውኑ ቤታችን መጡ። "እህቴ፣ ጋቢናው ክፍት ነው። አንቺም መምህርም ከእኔ ጋር ትወጣላችሁ" አሏት። ባለቤቴ ዞራ አየችኝ። እኔ አፌን ሞልቼ "የራሳችን መኪና እያለን? ከእርስዎ ቀድመን እንገባለን" አልኳቸው። ዛሬም ይህን ቃል ሳስታውስ ራሴን ይቀፈኛል።

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ልንነሣ ነበር። ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ግን የሰው አደራ ሳይዝ አይወጣም፤ ወሬው ደግሞ ከእኛ ቀድሞ ሠፈሩን ዞሮታል። አንዷ ለእናቷ ማንጎ በማዳበሪያ አመጣች። ሌላው ለወንድሙ ብርድ ልብስ፣ ደብዳቤ፣ እንደገና ማንጎ። ዘበኛው ጎሬ ለሚማር ልጁ በጆንያ የደረቀ ዓሣ ተሸክሞ መጣ። ባለቤቴ እጄን ይዛ "ተው፣ አትችለውም። እነሱም ይገባቸዋል" አለችኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ። ሰው አትወድም የተባለችው መኪና ዕቃም አልያዘችም ከተባለ በምን ዓይኔ ከሰው እገናኛለሁ? እንችላለን አልኳት። አንዱ ሲሄድ አንዱ ሲመጣ አራት ሰዓት ሆነ። ማንጎው ከወንበራችን ጀርባና ከባለቤቴ እግር ሥር፣ ዓሣው ጭኗ ላይ ሆኖ ወጣን።

ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ የመኪናዋ ሆድ መሬቱን መፋቅ ያዘ። ባለቤቴ በየጉድጓዱ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሜዳውን እንደ ምንም አለፍነው። ጎሬ ሳይደረስ ካለችው ከቡሬ በታች ዳገቱን ስንጀምር ግን ከሥራችን ድንጋይ ቧጨረንና ወዲያው የቤንዚን ሽታ መጣ። ወርጄ ከሥሯ ገባሁ። ታንኩ ተበስቶ ቤንዚኑ ይንጠባጠባል። እውነቱን ልናገርና ብዙም አልደነገጥኩም። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ሹፌር ሁሉ በሳሙና ይደፍነዋል፤ እኔም ሳሙና ነበረኝ። የሚረባ ቁራጭ ሳሙና ፍለጋ ሻንጣችንን ከማንጎ ሥር ማውጣት ግን ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ፤ ዕቃውን ሁሉ መንገዱ ዳር መደርደር ነበረብኝ።

በዚህ መሐል የሐጂ መኪና ከኋላችን ደረሰ። ሐጂ ወረዱ፤ ቀዳዳውን አዩ፣ ባለቤቴን አዩ። "መምህር፣ ይቺ እዚህ ትደር። ማን ይወስዳታል? ዕቃውንም እጭነዋለሁ። እህቴ፣ ግቢ" አሏት። ባለቤቴ ዓሣውን መሬት አስቀምጣ ሄደች፤ አንድ እግሯን የጋቢናው መርገጫ ላይ አደረገች።

እዚያ ላይ ነው ያበላሸሁት። ቤንዚኑን አይደለም ያሰብኩት፣ አባቷንም አይደለም። ሠፈር ተመልሼ "መምህር መኪናውን ጥሎ በጭነት መኪና ገባ" ሲባል ነው የታየኝ። "ሐጂ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጅብኝ። እርስዎ ይሂዱ፣ ከኋላዎ ነን" አልኩ። ለእሷ ደግሞ "ታምኚኛለሽ አይደል?" አልኳት። እግሯን ከመርገጫው አወረደች። ሐጂ ሁለት ጊዜ "እርግጠኛ ነህ?" ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ የአባቷን ቤት ምልክት ከእሷ ተቀብለው ሄዱ።

ሳሙናው ሠራ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም፤ ሞተሩም በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ዕቃውን መልሰን ጭነን፣ ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ሦስት ኩርባ ወጣን። ከዚያ ተንተፋተፈችና ቆመች። እንጨት ወደ ታንኩ ሰድጄ አወጣሁት፤ ደረቅ ነበር። የነዳጅ ማሳያዋ ከገዛኋት ጀምሮ አይሠራም፤ እንደ ወትሮው በእንጨት ልለካ ይገባኝ ነበር፣ ረሳሁት። እኔ ከሥሯ ተኝቼ ሳሙና ሳሽ ቤንዚኑን አፈሩ ጠጥቶታል። ሌላ መኪና አልመጣም። እዚያው አደርን። አልተቆጣችኝም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ የመንግሥት ፒካፕ ደርሶ ከጀሪካኑ ቤንዚን ቀዳልን። ጎሬ ስንገባ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ደጃፉ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ እጁን ይታጠባል። ባለቤቴ መኪናዋ ሳትቆም በሩን ከፈተች። ነጠላዋ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።

አክስቷ አቅፈዋት ብዙ ካለቀሱ በኋላ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ምነው ልጄ፣ የት ቆየሽ? ሐጂው ማታ በራችን ላይ ቆመው 'ከኋላዬ ናቸው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳሉ' ብለውን አለፉ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ትራስ ደግፉኝ፣ ተቀምጬ ልጠብቃት አለ። ተኛ ብንለው እምቢ አለን። ሌሊቱን ሙሉ 'ሰዓቱ አልሞላም?' እያለ ሲጠይቀን አደረ። ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ።"

ባለቤቴ እኔን አላየችኝም። "መንገዱ ነው፣ እትዬ" አለች። ለጠየቃት ሁሉ ያንኑ ትመልስ ነበር። እኔም ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ እየሰማሁ፣ አይደለም፣ እኔ ነኝ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።

በማግስቱ የሰዉን አደራ ቤት ለቤት እየዞርኩ አደረስኩ። ማንጎው፣ ብርድ ልብሱ፣ ደብዳቤው፣ ዓሣው፣ አንድም አልጎደለም። ሁሉም አመሰገኑኝ።

ከሠልስቱ በኋላ ሐጂ እህላቸውን ጭነው ሊወርዱ መጡ። ባለቤቴ ማንንም ሳትጠይቅ ጋቢናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ እስከ ጋምቤላ ድረስ አቧራቸውን እየቃምኩ፣ ጎኔ ያለው ወንበር ባዶውን፣ ከኋላቸው ነዳሁ።