ዝንጀሮዎቹ የለመዱት ሰው

በደርግ ጊዜ ባሌ የደን ጠባቂ ነበር። ከሽንፋ ወንዝ ወዲያ ያለው የመንግሥት ጥብቅ ደን ለእኔ ጣውንቴ ነው፤ ጧት ይወስድብኛል፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይመልስልኛል። እሱስ ይሁን። ያንገበገበኝ ስንቁ ነው። "ጨመር አድርጊበት" ማለት አመጣ፤ ሰውነቱ ግን ሲከሳ እንጂ ሲወፍር አላየሁም። አሮጌው ጋቢያችንም ከመደቡ ጠፋ። ብጠይቀው ምስጥ በላው አለኝ። ኧረ ለመሆኑ ምስጥ ክር እንኳ ሳያስተርፍ ይበላል? ልብሱም ጭስ ጭስ ይላል፤ ደን ውስጥ እሳት የለኮሰን እንዲይዝ የተቀጠረው ሰውዬ!

ሴት አለችው አልሁ።

ያን ጊዜ ሐዘን ላይ ነበርሁ። ታናሽ ወንድሜን ከኮኪት ገበያ አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። የቀበሌው ታጣቂዎች እየመጡ ስለ እሱ ሲጠይቁኝ "አስገድላችሁት ደግሞ እኔን ትጠይቃላችሁ?" ብዬ እያለቀስሁ እመልሳቸዋለሁ። ወንድሜን ጦር ወሰደብኝ፤ ባሌን ደግሞ ሴት ልትወስድብኝ? ይህንንማ አልችልም።

መጋቢት ላይ አንድ ጧት ተከተልሁት። የዕጣኑ ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ልጡ እንደ ወረቀት ተልጦ ተንጠልጥሏል። ሽመሉ፣ የቆላው ቀርከሃ፣ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል፤ ከኋላዬ ሰው የመጣ እየመሰለኝ ስንቴ ዞርሁ። የረገጥሁት ቅጠል ሁሉ ያሳብቅብኛል። ጅግሮች ከእግሬ ሥር ብርር ሲሉ በቃ ታወቅሁ ብዬ ደርቄ ቀረሁ። እሱ ግን ዞር አላለም።

የደረቀው ወንዝ ዘንድ ዝንጀሮዎች አገኘሁ። በእኛ አገር ዝንጀሮ ከማሽላው ማሳ በወንጭፍ ስለሚባረር፣ ሰው ገና ከሩቅ ሲያይ ጮኾ ይበተናል። እነዚህ ቀና ብለው አዩኝና ፍሬያቸውን መልቀም ቀጠሉ። ባሌንስ ይልመዱት፤ እኔን ከየት አውቀውኝ? ሰው አብሯቸው ይኖራል ማለት ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ አሸዋው ተቆፍሮ ውሃ ወጥቶበታል፤ አፉ በእሾህ ተከድኗል። ዝንጀሮም አሸዋ ጭሮ ውሃ ይጠጣል፤ መክደን ግን አያውቅም። ደሜ ፈላ።

ባሌ ውስጡ ከተቦረቦረ ትልቅ ግንድ ፊት ቁጢጥ ብሎ ስንቁን ፈታ። ከውስጥ እጅ ወጣ፤ እጁን ተከትሎ ጋቢዬ ወጣ። ድንጋይ አንሥቼ ዘለቅሁ።

"ነይ ውጪ፣ አንቺ!"

የወጣው ወንድሜ ነው። ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። ድንጋዩ ከእጄ ወደቀ፤ አንገቱን ይዤ የምሆነውን አጣሁ። ክረምቱ ሲወጣ ከጦሩ ጠፍቶ መጥቶ፣ እግሩ ቆስሎ የሱዳንን ድንበር መሻገር አቅቶት ኖሯል። ቢያዝ ጥይት ነው የሚጠብቀው፤ የደበቀውም አይተርፍም።

ደስታዬ ጋብ ሲልልኝ ወደ ባሌ ዞርሁ። ሙሉ መንፈቅ ደረቴን ስደቃ፣ አጠገቤ ተኝቶ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም!

"ታጣቂዎቹን የሚመልሳቸው ለቅሶሽ ነው" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። "አንቺ ደግሞ ደስታ መደበቅ አትችይም። አሁንም እንደ በፊቱ ማልቀስ አለብሽ።"

በነጋታው ስንቁን አትረፍርፌ ቋጠርሁና ወፍጮ ቤት ሄድሁ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ከንፈር እየመጠጡ ከበቡኝ። የአንደኛው ታጣቂ ሚስትም ተራ ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልሁ። እንባ እምቢ አለኝ! ወንድሜ በሕይወት እያለ ከየት ላምጣው? ሴትዮዋ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ጠጋ አለችኝ።

ያን ጊዜ ባሌ አጠገቤ ተኝቶ ለቅሶዬን እየሰማ ዝም ያለበትን ሌሊት ሁሉ አሰብሁ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።