ጀርባዋን ታማ የመጣች በቅሎ

ባለፈው ሳምንት ከአንድ ስብሰባ ተናድጄ ወጣሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ በእንስሳት ላይ የሚካሄዱ ምርምሮችንና የተግባር ትምህርቶችን የሚመረምር አንድ ኮሚቴ አልፎ አልፎ ይጠራኛል፤ የቆየች የእንስሳት ሐኪም ናት ብለው። የዚያን ቀን የቀረበልን ማመልከቻ በአህዮች ስለሚሰጥ የተግባር ትምህርት ነበር። «አንድ እንስሳ ስንት ጊዜ አገልግሎት ላይ ይውላል?» ለሚለው ጥያቄ ማመልከቻውን ያቀረበው ወጣት መምህር «እንደ አስፈላጊነቱ» ብሎ ሞልቷል።

«አስፈላጊነቱን የሚወስነው ማነው?» አልኩት።

«እኛው ነና፣ ዶክተር» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ድምፅ ለመስጠት እጅ ሲወጣ ብቻዬን ተቃወምኩ። ምክንያቴን ማስረዳት ስጀምር ሰብሳቢው የምሳ ሰዓት ማለፉን አስታወሱኝ። በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ የቀረበልኝንም ምሳ በወጉ አልበላሁትም። በተማሪነቴ ስላወቅኳት አንዲት በቅሎ ማሰብ ስጀምር ሁሌም እንዲሁ ነኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጎንደር ውስጥ፣ ዛሬ ስሙም ግቢውም በሌለ አንድ አነስተኛ የእንስሳት ጤና ማሠልጠኛ እማር ነበር። ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ነበርን፤ ከእኛ ውስጥ ሴቶች ሁለት። ማሠልጠኛው የራሱ የሚላቸው አንዲት ላምና ጥቂት በጎች ብቻ ነበሩት፤ የፈረስና የበቅሎን ነገር የምናውቀው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሣለው ሥዕል ነበር።

ግንቦት ሲገባ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ካለ መንደር አያ ተገኘ የሚባሉ ገበሬ በቅሏቸውን እየሳቡ መጡ። ሁለት ቀን ተጉዘዋል። አቧራው ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ተጋግሮ ነበር። በቅሎዋ ዳማ ናት፤ ስሟም እንደ መልኳ ዳማ። ኮርቻ የላጠው ጀርባዋ አመርቅዞ ዝንብ ወሮታል።

«እናቴ በእግሯ መሄድ ካቆመች ቆይታለች» አሉን። «ቤተ ክርስቲያን የምትስመው በዳማ ነው። ሐኪም ቤትም ብትሄድ በዳማ ነው። እስቲ እዩልኝ።»

መምህራችን ቁስሉን አይተው፣ እስክትድን እዚህ ትቆይ አሉ። አያ ተገኘ አመነቱ። ገመዱን እንደያዙ አንዴ እኔን፣ አንዴ መምህሩን ያያሉ። እኔ የዳባት ልጅ ስለሆንኩ አነጋገራቸው የቤቴ ነው። ጠጋ ብዬ «አያ ተገኘ፣ አይዞዎት፣ ሸጋ ሆና ትመለሳለች» አልኳቸው። ያኔ ገመዱን ለእኔ ሰጡኝ። ከአገልግላቸው ሥር በጨርቅ የቋጠሩትን ገብስ አውጥተው ከእጃቸው አበሏትና ሄዱ።

ጀርባዋን በደንብ ነው ያከምናት። ይህን ማንም አይክደኝም። ጠዋትና ማታ በጨው ውኃ እናጥበዋለን፣ ቅባት እንቀባዋለን፤ ቁስሉም ከዳር ዳር እየጠበበ መጣ። ነገር ግን ዳማ በጋጣው ውስጥ ያለች ብቸኛዋ በቅሎ ነበረች፤ የተግባር ፈተናችንም ተቃርቧል። በሦስተኛው ቀን መምህራችን ክፍሉን በሙሉ ይዘው መጡ። ከአንገት ደም ሥር ደም መቅዳት፣ በአፍንጫ በኩል ቱቦ ወደ ሆድ ማስገባት፤ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለቱንም እስኪችል ድረስ።

ሠላሳ አንድ ሰው እስኪችል! የላይኛውን ከንፈሯን በገመድ ጠምዝዘን እንይዛታለን፤ አንዱ ሲስት ሌላው ይቀጥላል። ቱቦው መንገዱን ሲስት ታስላለች፣ ደም ታስነጥሳለች። በሁለተኛው ሳምንት አንገቷ በአንድ ወገን አብጦ መርፌ አልቀበል ሲል ወደ ሌላው ወገን ዞርን። የእግራችንን ኮቴ ስትሰማ ከጋጣው ጥግ ተለጥፋ መንቀጥቀጥ ጀመረች።

እኔም አድርጌዋለሁ። ሦስት ጊዜ ስቼ በአራተኛው ቱቦው ሲገባልኝ፣ ከሆዷ የወጣውን የሣር ሽታ ያለው አየር በጉንጬ ስሰማ፣ ደስ ብሎኝ ሳቅኩ። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ዓይኗን አየሁት።

በማግሥቱ ወደ መምህሩ ሄድኩ። «ይህች በቅሎ የሰው ናት። ቢያንስ ጥቂት ቀን ትረፍ» አልኳቸው።

«ሌላ በቅሎ ካለሽ አምጪ» አሉኝ።

«ባለቤቱ ይህን አያውቁም።»

«ባለቤቱ ያመጣት ልትድንለት ነው። እየዳነች አይደለም ወይ?»

ወደ ኃላፊው ሄድኩ፤ በጽሑፍ አቅርቢ አሉኝ። ጻፍኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ተቀብላ መዝገብ ቤት አስገቢው አለችኝ። መዝገብ ቤቱ፣ መምህርሽ ካልፈረሙበት አንቀበልም አለ። ጓደኞቼ ደግሞ «ፈተና እንዳታስቀሪብን» ብለው ተቆጡኝ። የሚሰማኝ አጥቼ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ እንደያዝኩ ፈተናው ደረሰ። ተፈተንኩ። አለፍኩ።

አያ ተገኘ ሰኔ ሳይገባ ተመለሱ። ኮርቻውን ለብቻው ተሸክመው፣ አዲስ የቆዳ ልጓም ይዘው ነበር የመጡት። የዳማን ጀርባ በመዳፋቸው ዳበሱትና ፊታቸው በራ። መረቁን። ከዚያ ልጓሙን ሊያጠልቁላት እጃቸውን ወደ ፊቷ ሲሰዱ፣ ዳማ ጭንቅላቷን ወደ ላይ ወርውራ በኋላ እግሯ ቆመች። እንደገና ሞከሩ። በስሟ እየጠሩ፣ ገብስ እያሳዩ ሞከሩ። እጃቸው ወደ አፍንጫዋ በቀረበ ቁጥር ትጮኻለች፤ እንደዚያ ያለ የበቅሎ ጩኸት ከዚያ ወዲያ ሰምቼ አላውቅም።

ዞረው እኔን አዩኝ። መምህሩ አልነበሩም፤ ከጋጣው በር ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

«ምነው እታለም? እኔ ያመጣኋት ጀርባዋን ታማ ነው። ፊቷን ምን አደረጋችሁብኝ?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም አይደለም፤ «ተማሪዎች ተለማምደውባት ነው» ብቻ አልኩ።

ልጓሙን አጣጥፈው ኮርቻው ላይ አኖሩት። «ልጆቹ ይማሩባት ብላችሁ ብትጠይቁኝ እኮ እንቢ አልልም ነበር» አሉ። «ቀስ አድርጋችሁ፣ እያሳረፋችሁ ይሁን እል ነበር። ምነው ሳትጠይቁኝ?»

ኮርቻውን በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው፣ ዳማን በአንገቷ ገመድ እየሳቡ፣ በደባርቅ መንገድ ወጡ።

ሐምሌ ላይ ለክትባት ሥራ ወደ ወገራ ስንላክ መንደራቸውን ጠይቄ አገኘሁት። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፤ ጭጋጉ ከገብሱ ማሳ ላይ አይነሳም። አያ ተገኘ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ዳማ የለችም። ልጓም እንቢ እንዳለች ቀረች፤ የማትጋለብ በቅሎ ቤት ውስጥ ማቆየት ስላልቻሉ ለጨው ነጋዴ ለጭነት ሰጧት። እናታቸው ምድጃው አጠገብ በቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ከግንቦት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሳሙም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ወስዷቸዋል።

ያኔ ያስቀረሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ አራት ጊዜ መሞከሬን፣ መሳቄን ጭምር። አያ ተገኘ መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ። አሮጊቷ ትኩስ ቅቅል ድንች ልጠው በእጄ አስያዙኝና ጠየቁኝ።

«ለመሆኑ ተማርሽባት?»

«አዎ እማማ፣ ተምሬያለሁ።»

«እንኳንም ተማርሽ» አሉ። ከልባቸው ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቱቦ ሆዳቸው የተነፋ፣ ባለቤቶቻቸው ተስፋ የቆረጡባቸው ስንት ፈረሶችና በቅሎዎች አትርፌያለሁ። እጄ የተማረው ከዳማ ነው፤ አልክደውም። ስለዚህም፣ እንስሳ ለትምህርት አይነካ ከሚሉ ሰዎች ጋር ወግኜ መከራከር አልችልም። ነገር ግን ባለቤቱን መጠየቅ አንድ አፍታ ነበር። ተማሪውን በቡድን ከፍሎ፣ ፈተናውን ሁለት ሳምንት ገፍቶ፣ በቅሎዋን ማሳረፍ ይቻል ነበር። ይህን ቀላል ነገር ወጣት ሳለሁ የሚሰማኝ አጣሁ፤ ጠጉሬ ሸብቶ፣ ዶክተር ተብዬ በክብር ወንበር ተቀምጬም የሚሰማኝ አጣሁ። በዕድሜ የሚሻሻል መስሎኝ ነበር።

ትናንት የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ደረሰኝ። ማመልከቻው መጽደቁ ተገልጿል። ከሥሩ «አንድ ተቃውሞ» ይላል፤ ምክንያቱ አልተጻፈም። እኔ እዚህ ጽፌዋለሁ።