ውሃ ፈራ የተባለው ውሻዬ

መተማ ላይ ጠላ ስሸጥ አንድ ያረጀ ውሻ ነበረኝ። ከደንበኞቼ ሁሉ የሚሻለው እሱ ነበር፤ አይሰክርም፣ ወሬ አያመላልስም። ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው ሰውን የሚለየው በኮቴውና በጠረኑ ነው። ከማዶ ግመል ነድቶ የመጣ ነጋዴም ሆነ ከደጋ ማሽላ ሊቆርጥ የወረደ የቀን ሠራተኛ ደጄ ከደረሰ ጭራውን እየቆላ ይቀበለዋል። ነጋዴዎቹ እንዳይነካቸው ልብሳቸውን እየሰበሰቡ ያልፉታል፤ እሱ ግን ቅር አይለውም። ኩራት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ይህ ውሻ ድንገት ፈሪ ሆነ። ጣሊያን ከተማውን ይዞ ከተደላደለ ወዲህ ነው፤ ማሽላው የሚያሽትበት ሰሞን። ሱዳኖች ካስለመዱን የገመድ አልጋ፣ አንገሬብ ከምንለው፣ ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ምግቡን እዚያው ካላስገባሁለት አይበላም። አንዳንዴ በመንገዱ ሰው ሲያልፍ ሽንቱ ያመልጠዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። አንዷ ቡዳ በላው አለች። ሌላው ጅብ አሽትቶታል አለ። ቡዳ ከሰው አልፎ ወደ ውሻ መዞሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ባንዳው ጎረቤቴ ነበር። ይህ ሰው ትናንት በማሽላ ማሳ ወፍ ሲያባርር የሚውል፣ እግሩ በእሾህ የተበሳሳ ነው። ያን ጊዜ በጓሮ በር እየገባ ቅራሪ ይለምነኛል፣ ውሻዬም እግሩ ላይ ይተኛለታል። ጣሊያን ጠመንጃና ባለሚስማር ጫማ ሲሰጠው ግን ሌላ ሰው ሆነ። ጫማው ስለሚሰፋው ሲራመድ ይጎትተዋል፣ ከሩቅ ቋ ቋ ይላል። ከዚያ ወዲያ አንቱ መባል አማረው። እኔም፣ «አንተን አንቱ ከምልስ አህያዬን እላለሁ» አልሁት። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እሱም በበላበት ይጮህ ነበር።

አንድ ቀን ከደጅ ቆሞ፣ «ይኼ ውሻ አብዷል» አለኝ። «ሰው ሳይነክስ መገደል አለበት።»

«ፈርቶ እንጂ አላበደም።»

«ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል። እስቲ እንየው።»

ራሱ በቅል ውሃ ይዞ ገባ። ጫማው ቋ ቋ ሲል ውሻዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ባንዳው ወጥቶ ለሰፈሩ ሁሉ «ውሃ ፈራ» ብሎ አወጀ። ሰዉም አመነው። ውሃውን የያዘው ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ነገ ጠዋት መጥቼ እተኩስበታለሁ ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ውሻ በቀር እኔን ቤትሽ ሰላም ነው ወይ የሚል ማን ነበረኝ?

የሰፈሩን ሽማግሌ ለመንኋቸው። «እኔ ባለሁበት ውሃ ይቅረብለትና ይፈረድ» አሉ። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ወለሉን በእበት ለቀለቅሁ። እጄ ሥራ ባይዝ የሰው ፊት እቧጭር ነበር።

ባንዳው ጠመንጃውን አንግቶ ሲመጣ በር ላይ አስቆምሁት። «ወለሉ አልደረቀም። ያን ብረትህን አውልቀህ ግባ።»

ተቆጣ። ሽማግሌው ባዶ እግራቸውን መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። «አውልቅ እንጂ ልጄ፣ የሴት ልፋት ነው» አሉት። እያጉረመረመ አወለቀ። ቅሉን ውሃ ሞልቼ ሰጠሁት፤ በዚያ በተበሳሳ እግሩ እርጥቡን ወለል እየረገጠ ወደ አንገሬቡ ሄደ።

ውሻዬ አፍንጫውን ብቅ አደረገ። ጭራው መሬቱን ሲመታ ሰማሁ። ወጥቶ የሰውየውን እግር አሸተተ፣ ላሰው፤ ከዚያ ውሃውን ከእጁ ላይ ጭልጥ አድርጎ ጠጣ።

ያ ጫማ ሰው በሌለበት ምን እንዳደረገው ማናችንም አላየንም፤ ውሻ ደግሞ ለምስክርነት አይቆምም። ሽማግሌው ደጅ የተቀመጠውን ጫማ ትክ ብለው አዩት። «ውሃስ አልፈራም» አሉ። ባንዳው አንገቱን ደፍቶ ወጣና ጫማውን አጠለቀ። ኮቴው ሲሰማ ውሻዬ ተመልሶ ከአንገሬቡ ሥር ገባ።

ጣሊያን ለቆ ሲሄድ ጫማውም አብሮ ጠፋ። ይቅበረው፣ ይሽጠው እንጃ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰውየው በባዶ እግሩ፣ እንደ ጥንቱ በጓሮ በር መጣ። ውሻዬ መቆም አቅቶት ነበር፤ ቢሆንም እንደምንም ተነስቶ ተቀበለው፣ እግሩ ላይም ተጋደመ። ታረቀው። ውሻ ነዋ።

«ጠላ አለሽ?» አለኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ጋኑ ሙሉ ነበር።

«ለአንቱ የለም» አልሁት።