ስፌቱ ወደ ውጪ የሆነ ቀሚስ

እኔ ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልዋሽም። ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው እድፍ ሳይ ስለምውል ይሆናል፣ ንጹሕ ነው ሲሉኝ አላምንም። የማምነው አንዲት ጓደኛዬን ብቻ ነበር፤ ከቅጥነቷ የተነሣ መርፌ የምንላትን ልብስ ሰፊ።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። ቃል ከአፏ የሚወጣው በስንት ልመና ነው፤ ልብስ ስናለብሳት ግን ጩኸቷ ለሰፈር ይተርፋል። ስንቷ ሞግዚት በሁለት ቀኗ ጥላን ሄዳለች! መርፌ ብቻ ችላ ያዘችልኝ። ከሥራ እስክመለስ ልጄ እሷ ጋ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ትውላለች። መርፌን ካጣሁ ሥራዬንም አጣሁ ማለት ነው። የራሷ ልጅ ታማ ከሞተችባት ሁለት ዓመቷ፤ ልጅቷ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

ሰሞኑን ግን ነገሩ አላምር አለኝ። ልጄ በአንድ ልብስ ሄዳ በሌላ ትመለሳለች፣ ያውም ሳታለቅስ።

"ከየት መጣ?" ስላት መርፌ፣ "ትርፍራፊ ጨርቅ ነው" ትለኛለች፣ ዓይኔን ሳታይ።

ከሰዓት በኋላ በሯን መዝጋትም ጀመረች። ይባስ ብሎ ጎረቤቷ ባለሱቁ፣ ሳሙና ብገዛው ወሬ መረቀልኝ፤ "ልጅሽን በሟቿ ስም ስትጠራት ሰማሁ" አለኝ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይሉ የለ? እኔ ሞኟ ልጄን አውሼ ተቀምጫለሁ!

በማግስቱ አለቃዬን አሞኛል ብዬ በጊዜ ወጣሁ። መርፌ ቤት ስደርስ መጋረጃው ተጋርዷል። በጎኑ አጮልቄ ሳይ፣ ልጄ የሟቿን ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። አውቀዋለሁ፣ ከመርፌ ጋር አብረን ነው የገዛነው። በሩን በርግጄ ገባሁ።

"የሞተችውን በኔ ልጅ ልትተኪ ነው? የራስሽን ማቆየት ያቃተሽ!"

ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው! መርፌ መቀሱን አስቀመጠችና የቀሚሱን ጫፍ ገልጣ አሳየችኝ። ስፌቱ በሙሉ ተፈትቶ፣ ወደ ውጪ ተገልብጦ እንደገና ተሰፍቷል። የአንገቱ ማርካ ወጥቷል። ገላዋን የሚነካ አንድ ክር የለም።

"አዲስ ጨርቅ ያቃጥላታል" አለችኝ። "ስንቱን ሞከርኩላት። የሚስማማት ብዙ ተለብሶ፣ ብዙ የታጠበው ነው። እንዲህ ያለ ደግሞ ያለኝ የልጄ ነው። በሩን የምዘጋው ስፈታው እንዳታዪኝ ነው፤ ብታዪ እሺ አትይኝም።"

የታጠበ ጨርቅ እንደሚለሰልስ ለኔ፣ ለአጣቢዋ፣ ሰው ይንገረኝ? አፈርኩ። ግን አመል ነውና አሁንም አለቀቀኝም።

"ስሟንስ?"

"አዎ፣ ጠርቻታለሁ። ቀሚሱን ሳጠልቅላት አመለጠኝ። ያን ቀን የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ ነው የዋልኩት።"

ልጄ አጠገብ ቁጭ አልኩ። በጎኔ የልብስ ሣጥን ተከፍቷል። ከልጇ ልብስ ሁሉ አንድ ሰማያዊ ሹራብ ብቻ ቀርቷል።

"ይሄን እንኳ አትንኪው፤ በሞቴ ለራስሽ ይቅር" አልኳት።

ሹራቡን አነሣችና ልጄ ትከሻ ላይ ለካችው። ልጄ አልጮኸችም።

"ታዲያ ብርድ ሲመጣ ምን ልትለብስ ነው?" አለችኝ።