ዜድ ድራይቭ እምቢ ያለኝ ሰሞን

አለቃዬ የሰጠችኝ ቀነ ገደብ ዓርብ ነበር። «ጎረቤላ አባትሽ ቤት ሆነሽ ሥራሽን መሥራት ከቻልሽ እሰየው፤ እስከ ዓርብ ካልሆነልሽ ግን ሰኞ ቢሮ እንገናኝ» አለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ደብረ ብርሃን ያለው መሥሪያ ቤታችን ሪፖርቱ ካልደረሰለት የምትጠየቀው እሷ ናት። እኔ ደግሞ አባቴን ጥዬ መሄድ አልፈለግኩም። ክረምት ላይ ጭቃ አዳልጧቸው ከወደቁ ወዲህ ያለ ከዘራ አይንቀሳቀሱም፤ እናቴ ስላረፉ ቤት ውስጥ ያሉት ብቻቸውን ናቸው። እስከዚያ ድረስ ቅዳሜ እየመጣሁ እሑድ በአሥር ሰዓቱ መኪና እመለስ ነበር። ደብረ ብርሃን ይምጡ ስላቸው «የሰው በረንዳ ላይ ተቀምጬ የማንን መኪና ልቁጠር?» ይሉኛል።

ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። የምሠራባቸው ፋይሎች በሙሉ ያሉት ቢሮ ባለው ሰርቨር በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እኔ ላፕቶፕ ላይ ዜድ በሚል ፊደል ይታያሉ። ከቢሮ ውጭ ስሆን ግን መጀመሪያ ቪፒኤን የሚባለውን ማገናኘት አለብኝ፤ ጎረቤላ ያለችውን ላፕቶፕ ቢሮ ውስጥ ያለች ያህል በኢንተርኔት የሚያስገባት መንገድ ነው። ቅዳሜ እንደመጣሁ ሞክሬው በደንብ ሠርቷል። ሰኞ ጠዋት ቪፒኤኑ ተገናኝቷል አለኝ፤ ዜድ ላይ ግን ቀይ ኤክስ ተደቅኗል። ስከፍተው የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል፤ እሰጠዋለሁ፤ መልሶ ይጠይቀኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ትዕግሥቱን ይስጠኝ የሚባልለት ሰው ነው። በስልክ «አጥፍተሽ አብሪው» አለኝ፤ አጠፋሁ፣ አበራሁ። «ዜድን ሰርዢውና እንደ አዲስ ፍጠሪው» አለኝ፤ ፈጠርኩት፣ አዲሱም እንደ አሮጌው አኮረፈ። የይለፍ ቃሌን ቀየረልኝ፤ እሱንም አልወደደውም። ማክሰኞ ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ ጣልንና ላፕቶፑን ታቅፌ፣ በዚያ ጉም፣ ከቤታችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እዚያም ቪፒኤኑ ወዲያው ተገናኘ፤ ዜድ ግን ያው ዜድ ነው። መንገዱ ተከፍቶ በሩ ለምን እንደሚዘጋ ለእኔም ለእሱም ሊገባን አልቻለም።

ረቡዕ «የላፕቶፕሽ ሰዓትስ ትክክል ነው?» አለኝ። የስክሪኑ ጥግ ላይ አየሁ፤ አራት ከአሥር ይላል። የአባቴን የግድግዳ ሰዓትም አየሁ፤ አራት ከአሥር።

«ልክ ነው» አልኩት። ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

ሐሙስ አእምሮዬ ተምታታ። አለቃዬ ሆን ብላ አስዘግታብኝ ይሆን እንዴ እስከ ማለት ደረስኩ። አባቴ «ሻይሽ ቀዘቀዘ» ሲሉኝ «አሁን ሻይ የት ይታየኛል!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ከዘራቸውን አንሥተው ደጅ ወጡ፤ እኔም አፈርኩ።

ዓርብ ጠዋት ልብሴን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ጨረስኩ። ባለሙያው «እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ስክሪኑን ሙሉውን ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ» አለ። ላክሁለት። ወዲያው እየሳቀ ደወለ።

«ላፕቶፕሽ እኮ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነው ያለው! አልነጋለትም!»

እውነቱን ነው። የቢሯችን ኮምፒውተሮች የሚሄዱት በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ረፋድ አራት ላይ አሥር ማለት ነበረበት። የእኔ ግን አራት ይላል፤ ያ በፈረንጅ ከሌሊቱ አሥር ማለት ነው። ዓይኔ በአገሩ ሰዓት ስለሚያነብ ምንም አልጎረበጠውም። ሰርቨሩ ደግሞ ሰዓቱ ከእሱ ጋር የማይገጥም ኮምፒውተር አያምንም፤ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረችውን ላፕቶፔን ሲመልሳት የሰነበተው ለዚህ ነው። ሰዓቱን አስተካከልኩ፤ ዜድ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተከፈተ። ሪፖርቱን ላክሁ፤ አለቃዬም «በይ እዚያው ሁኚ» አለችኝ።

ግን ሰዓቱን ማን ነካው? አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ኮምፒውተርም ትንሽ ትንሽ ይነካካሉ።

«አባባ፣ የላፕቶፔን ሰዓት ነክተውት ነበር?»

«አስተካከልኩልሽ እንጂ!» አሉ ኮራ ብለው። «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ነው። ገና በጠዋቱ አሥር ይላል፣ ውሸታም!»

«ቢልስ? ምን አስቸገረዎት?»

ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩት። «አንቺ አሥር ሰዓት ካለ መኪናው ያመልጠኛል ብለሽ ብድግ ነው። ደንግጠሽ ያለ ሰዓትሽ እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው» አሉኝ።

መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ የመጣው እንባ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ወደ ደብረ ብርሃን ሊመልሰኝ የነበረው ነገር፣ አባቴ እንዳልሄድባቸው ያደረጉት ነገር ነበር። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ግራ ገባኝ፤ እስከ ዛሬም አልነገርኳቸውም።

እሳቸው ግን ዓይናቸው ወደ ላፕቶፑ ጥግ ሄደ።

«መልሶ አሥር አለ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በሩ አጠገብ ያስቀመጥኩትን ቦርሳ አዩት።

ተነሥቼ ቦርሳውን አመጣሁና ልብሴን በሙሉ አልጋው ላይ ዘረገፍኩት።