በሰኢድ መኪና ላይ የዘጋሁት መርፌ

ይህን ነገር ባሌ ሳይሰማው ሞቷል። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ስዘረዝር ይህን ዘልዬዋለሁ። አሁን ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገረው ተቀመጥኩ። ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።

የሠራሁት ይህ ነው። በደርግ ጊዜ፣ አልዩ አምባ ላይ፣ በአደራ የተሰጠኝን የአንዲት ትንሽ ሞተር የነዳጅ መርፌ በካቻቢቴ አዞርኩ። በዚህም አንድ ሰው ከሙያው ተነቀለ። ማዞሩ የበር ቁልፍ ከማዞር ያነሰ ነው። ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ እጄ ላይ ይሰማኛል?

ያኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ጋራዥ ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ አልዘለልኩም። ፊልትሮውን፣ ካርቡሬተሩን በቤንዚን እያጠብኩ ለመካኒኮቹ አቀብላለሁ። ሊያስተምር የመጣ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ከአገሩ ሁለት ትንንሽ መኪኖች ይዞ መጣ። ርዝመታቸው ከክንድ አይበልጥም፤ ሰው አይቀመጥባቸውም፤ በእጅ በሚያዝ የራዲዮ ሳጥን ከሩቅ ይነዳሉ። መጫወቻ እንዳይመስሏችሁ። ሞተራቸው የእውነት ሞተር ነው፤ ፒስተን አለው፣ ካንዴላ አለው፣ ማርሚታ አለው። የሚጠጡት ግን ቤንዚን አይደለም። ፈረንጁ ናይትሮ የሚለውን ነገር ከአልኮልና ከጉሎ ዘይት ጋር ይቀላቅልላቸዋል። መጀመሪያ ቀን ነዳጁን ሳሸት ሳቅሁ፤ አባቴ ጠፍር የሚያለሰልስበት ጉሎ ነበራ።

ፈረንጁ ሲሄድ መኪኖቹን ለጋራዡ ተወልን። ቅዳሜ ከሰዓት ከከተማው ጫፍ ወደሚገኘው እርሻ ወስደን በጓልና በጉድባ ላይ እናሽቀዳድማቸው ነበር። ነጯን የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ ወንድይፍራውና ልጆቹ ያዙ፤ ልጆቹ የምለው ሥሩ የሚሠሩትን መካኒኮች ነው። ቀይዋ ለሰኢድና ለእኔ ደረሰች። ሰኢድ የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲሠራ ምላሱን በጥርሱ የሚይዝ። ከጨረስን በኋላ ታንከሯን አንጠፍጥፈን፣ የአየር ስፖንጇን አጥበን ዘይት አስነክተን፣ እንዳትዝግ ሞተሯ ውስጥ ጠብታ ዘይት አድርገን በጨርቅ እንጠቀልላታለን። ልጅ የምናስተኛ ነበር የሚመስለው።

የሞተሯ ነፍስ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችው የነዳጅ መርፌ ናት። መርፌዋ ስትከፈት ነዳጅ ይበዛል፤ ሞተሩ ይከብደዋል፣ ወፍራም ጭስ ይተፋል። ስትዘጋ ነዳጁ ያንሳል፤ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይፈጥናል፣ ጭሱ ይጠፋል። ዘይቱ የሚገባው ከነዳጁ ጋር ስለሆነ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ዘይትም ያንሰዋል፤ ይግልና ይደርቃል። ሰኢድ ጣቱን በምራቅ አርሶ የሞተሩን ራስ ነካ ያደርጋል። ምራቁ ቀስ ብሎ ከተነነ «ደህና ናት» ይላል። ችስ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ደግሞ «ጠምቷታል» ይልና መርፌዋን ይከፍትላታል።

ደብረ ብርሃን ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ መርፌዋን ጠበቅ አድርገን ነበር የምንነዳት። ፈረንጁ ሳይሰለች የነገረን አንድ ነገር ነበር፤ ቆላ ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጅም ይጨመርላት፣ በደጋ መርፌ ቆላ ላይ ከነዳችኋት ትገድሏታላችሁ። ይህን ሰኢድ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

አንድ ጊዜ በበዓል ቀን መኪኖቹ አልዩ አምባ ወርደው፣ ባለሥልጣናቱ ባሉበት በሕዝብ ፊት እንዲሽቀዳደሙ ታዘዘ። ቀይዋን ማን ይንዳ ተባለ። እኔና ሰኢድ በክብሪት እንጨት ዕጣ ተጣጣልን፤ ለእኔ ወጣ። የዚያን ሰሞን ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እጇ ቤንዚን የሚሸት ዕቃ አጣቢ ያን ሳጥን በሕዝብ ፊት ልትይዝ። መውረጃችን ሲደርስ ግን ጋሽ ወንድይፍራው ጠራኝ።

«ዘነቡ፣ አንቺ ሌላ ጊዜ ትነጃለሽ። ሰኢድ ያገሩ ልጅ ነው፤ እናቱ ትየው።»

«ዕጣውስ ጋሼ?»

«አሁን ለክብሪት እንጨት ክስ ልትመሠርቺ ነው?»

ልጆቹ ሳቁ። ሰኢድም የሳቀ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፤ ፊቱን አላየሁትም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ተራዬ ሲወሰድ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ። የውሃ ወረፋ ላይ ለእንስራ የተደባደብኩ ነኝ። ፍርድ ሲጓደል አልወድም እላለሁ። እንዲህ የሚል ሰው የሠራውን አሁን ስሙት።

በጋራዡ የጭነት መኪና ማልደን ወጣን። አንኮበር ጉም ውስጥ ነበረች። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጋቢያችንን እየገፈፍን አልዩ አምባ ደረስን። ሙቀቱ ፊታችን ላይ ተለጠፈ። ሰኢድ ቀይዋን አስነስቶ አዳመጣት፤ መርፌዋን ከፈተ፣ ደግሞ አዳመጣት፣ ጣቱን አርሶ ነካት። «አሁን ደህና ናት» ብሎ አጠፋት። በዓይኔ አየሁት።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እናቴን ሰላም ብዬ ልምጣ። አደራ ዘኔ፣ ማንም እንዳይነካት።»

«ሂድ፣ እኔ አለሁ» አልኩት።

ማንም አልነካትም። እኔ ነካኋት። ከጭነት መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ካቻቢቴውን ከሱሪዬ ኪስ አውጥቼ፣ መርፌዋን ደብረ ብርሃን ወደነበረችበት መለስኳት። ምን ነበር ያሰብኩት? እንድትቆምበት፣ እንዲስቁበት፣ ጋሽ ወንድይፍራው «ምነው ለዘነቡ በሰጠሁ» እንዲል። ይኸው ነው። እንዲታሰር አላሰብኩም። ግን አለማሰብ ምን ዋጋ አለው?

ይህ ከሁሉ የከፋው አይደለም። የከፋው ቀጥሎ የመጣው ነው።

ሰኢድ በጨርቅ የተቋጠረ ሙዝ ይዞ ተመለሰ። «እናቴ ነች የላከችልሽ» አለኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁለት ዙር ብቻ ልንዳና ሳጥኑን ላንቺ እሰጥሻለሁ። ዕጣው ያንቺ ነው። ጋሼ ቢቆጣም ይቆጣ፣ ወላሂ ከእጄ ያወጣሽው ዕጣ ነው» አለ።

ሙዙን ይዤ ቆምኩ። «ቆይ፣ መርፌዋን እያት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ጊዜ ነበረኝ። መኪናዋን አንስቶ ወደ ሜዳው ሲራመድ፣ ነዳጅ ሲሞላ፣ ጊዜ ነበረኝ። ከተናገርኩ ግን መንካቴን መናገሬ ነው። አፌን ዘጋሁ። መርፌዋን የዘጋሁት በንዴት ነው ልበል፤ አፌን በምን ዘጋሁት?

ቀይዋ ተነስታ ነጯን ጥላት ሄደች። ሕዝቡ ጮኸ። የሰኢድ እናት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትስቃለች። እኔ የማየው ማርሚታውን ነበር። ጭሱ ሳሳ፤ ከዚያ ጠፋ። ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጠነ። ሰኢድም ሰማው፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ ጣቱን ከሳጥኑ የነዳጅ መስጫ ላይ አነሳ። አልደረሰም። ቀይዋ ልክ ከባለሥልጣናቱ ድንኳን ፊት ስትደርስ ፒስተኗ ደረቀ፤ የኋላ ጎማዎቿ ተቆለፉ፣ ተገልብጣ ቀረች። የተሰካባት ትንሽ ባንዲራ አፈር ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። የፈለግሁት ሳቅ ይኸው ነበር። ከዚያ አንድ ካድሬ ተነሳ፤ ባንዲራውን አየ፣ ሰኢድን አየ። «በዓል ቀን መርጦ የሚሞት ሞተር አለ እንዴ ጓድ? ይህ አሻጥር ነው።» በዚያ ዘመን ይህ ቃል ምን እንደሚያመጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሳቁ ቆመ። ሁለት ሰዎች ሰኢድን በክንዱ ያዙት። እናቱ ሙዙን በያዘው እጄ አጠገብ አልፋ ስትሮጥ ነጠላዋ ነካኝ።

እኔንም ጠየቁኝ። «አብረሽው ነው የምትሠሪው። መርፌዋን ሲከፍት አይተሻል?»

«አላየሁም» አልኩ።

ክረምቱ ገብቶ ሳለ ፈቱት። ጸጉሩ ተላጭቷል፤ ከሥራም ወጥቷል። ቱታውን ሊወስድ ጋራዡ መጣና በሩ ላይ አገኘኝ። በምርመራው ላይ ምን እንዳለ ያን ጊዜ ነገረኝ። «መርፌዋን መክፈት ረስቼ ይሆናል አልኳቸው። ዘኔ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ። የከፈትኩት ይመስለኛል። ከፍቻት ነበር ወይስ አልከፈትኳትም?»

ቀኝ እጁን ዘርግቶ እያየው ነበር የጠየቀኝ፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ። ያን ጊዜ የሚያስፈራ ካድሬ አጠገባችን አልነበረም። ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«አላስታውስም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሞተር ነክቶ አያውቅም። አልዩ አምባ ሽንኩርትና በርበሬ የሚሸጥባት ሱቅ አለችው። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ የምትመጣ ነጋዴ አለች፤ ስለ እሱ ሳልጠይቃት አላልፍም፣ ለምን እንደምጠይቅ ግን አታውቅም። በቅርቡ እየሳቀች አጫወተችኝ፦ «ሼህ ሰኢድ እኮ ሱቁን ቆልፎ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ቁልፉን ይነካል። እንደገና ሄዶ እንደገና ይመለሳል። ‹ቆልፌዋለሁ ወይ?› እያለ ሕፃን ሳይቀር ይጠይቃል። ሰፈሩ ቀልዶበት አይጠግብም።»

እኔ አልሳቅሁም። ያን እጅ ማን እንዳሳመመው አውቃለሁ።

ቤቴ ውስጥ የልጅ ልጆቼ ሲጣሉ ዳኛዋ እኔ ነኝ። ያጠፋው ቆሞ ካልተናገረ ማዕድ አይቀርብም። ባለፈው የልጄ ልጅ ሰብለ ብርጭቆ ሰብራ በወንድሟ ስታላክክ ይዤ አቆምኳት። እያለቀሰች ተናገረች። ስትጨርስ፣ «አንቺስ እማማ፣ እንዲህ ቆመሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። በጥፊ ልመታት እጄ ተነስቶ ነበር።

ልጅ ነበርሽ እንዳትሉኝ፤ ባል ያገባሁ ሴት ነበርኩ። ዘመኑ ነው እንዳትሉኝም፤ ካቻቢቴውን የያዘው ዘመኑ አልነበረም። ተራዬ ተወስዶ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ተራዬን ሊመልስልኝ የነበረው ሰው እሱ ብቻ ነበር። ይቅርታን ከእናንተ አልጠይቅም፤ የእናንተ አይደለችም።

ነገ ማለዳ በአንኮበር በኩል ወደ አልዩ አምባ እወርዳለሁ። እስከዚያ አንዳችን ብንሞትስ? ሱቁ ዝግ ቢሆንስ? ሲያየኝ ደስ ብሎት ሙዝ ቢያቀርብልኝስ? ይኸኛው ከሁሉ ያስፈራኛል። ፈርቼ ከመንገድ ብመለስ ግን ቃሉ እዚህ ይቆየው፤ ያነበበ ያድርስልኝ።

ሰኢድ፣ ከፍተሃት ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። እጅህ ምንም አልረሳም።