አባቴ ከመኪናው ፊት የተራመዱ ዕለት

ግሪስ የጠጣ አሮጌ ብረት ፀሐይ ሲመታው የሚሰጠውን ሽታ ታውቁታላችሁ? ባለፈው ሳምንት በመርካቶ፣ በምን አለሽ ተራ ሳልፍ ያ ሽታ አፍንጫዬን መታውና ሳላስበው ቆምኩ። አንድ ተሸካሚ «ዞር በሉ እማማ!» እያለ ይጮህብኛል፤ እኔ ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኛለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። አባቴ እዚያው ሰፈር፣ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ሱቅ፣ ያገለገለ ባሌስትራ ይሸጡ ነበር፤ መኪናን ከሥር ተሸክሞ መንገጫገጩን የሚያበርደውን፣ ተደራርቦ የታሰረውን ዝርግ ብረት ማለቴ ነው። ገዢው ሁሉ ዕቃውን ይዞ የሚሄደው ምክር ተመርቆለት ነው።

«ጉድጓዱ ጋ ሳትደርስ ፍሬን ያዝ፤ ስትገባ ግን ልቀቀው። ፍሬን እንደያዝክ ከገባህ ባሌስትራው አይችልም። አውራ ጣትህንም ከመሪው ውስጥ አታስገባ፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው ዞሮ ይሰብርሃል።»

ጎረቤታቸው ጨው ነጋዴው ይስቁባቸው ነበር። «አንተ ሰው፣ ሁሉም ምክርህን ከሰማ ማን ሊገዛህ ነው?»

የታላቅ ወንድሜ ሠርግ ለእሑድ ተቆረጠ። እሱን ያሳደጉት አያቴ ያሉት ሰላሌ፣ ከዋናው መንገድ ርቆ፣ የመኪና መንገድ በሌለበት አገር ነው። ወንድሜ «እሳቸው ሳይመርቁኝ ሙሽራ አልሆንም» ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ ዓርብ ማለዳ አባቴ በአሮጌዋ ጂፓቸው ተነሡ። እኔ የተላክሁት አያቴን ደግፌ እንዳመጣ ነው። አባቴ መንዳት አስተምረውኝ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ወር አልሞላኝም ነበር።

አስፋልቱን ለቀን ሜዳው ውስጥ ስንገባ የእርጥብ አፈርና የሣር ሽታ ተቀበለን። አባቴ ደስ ብሏቸው የሠርግ ዘፈን ጀመሩ። ዘፈኑ ሲደራ፣ ሣር የሸፈነው ድንጋይ ጎማውን ጓ አደረገው። መሪው በኃይል ዞረና ጂፗ ቀጥ አለች። አባቴ አውራ ጣታቸውን ጨበጡ። ጣቱ ዓይናችን እያየ አበጠ።

«ጣትዎ የት ነበር?» አልኩ።

«ውስጥ» አሉ፣ ወደ ሜዳው እያዩ።

ሳቄን ልይዘው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እሳቸውም እያቃሰቱ ሳቁ።

ጣታቸውን በሻሼ አሰርኩላቸው። ከመኪናው ሥር ገብተው የመሪውን ዘንግ ዳበሱ፤ ደህና ነበር። ከዚያ ቁልፉን ሰጡኝና ከጂፗ ፊት ፊት መራመድ ጀመሩ። ሣሩን በእግራቸው እየገለጡ፣ በደህናው እጃቸው ግራና ቀኝ ያሳዩኛል። ዛሬ እዚያ ድረስ ጥሩ መንገድ ገብቷል ይሉኛል።

እዚያው አደርንና ቅዳሜ ጠዋት አያቴን ይዘን ተመለስን። አያቴ በሁለት እጃቸው ወንበሩን አንቀው፣ ከፊት የሚራመዱትን ልጃቸውን ያያሉ። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ከአባትሽ እግር አትፈጥንም እንዴ?» አሉኝ።

ሌሊት የዘነበው ዝናብ፣ ስንሄድ የተሻገርነውን ቦይ ሸርሽሮ አጥልቆታል። በአንድ ትንፋሽ ልሻገረው ነዳጅ ስሰጥ አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ፊቴ ቆሙ።

«ተይ! ቀጥ ብለሽ ከገባሽ ሁለቱ የፊት ጎማዎች አንድ ላይ ይወድቃሉ። ባሌስትራው ከተሰበረ ሠርጉ እዚሁ ቁጭ ብለን ያልፈናል። አግድመሽ፣ አንድ በአንድ አስገቢያቸው።»

በአንደኛ ማርሽ አግድሜ ገባሁ። «ፍሬኑን ልቀቂ!» አሉ፤ ለቀቅሁ። ጂፗ ወደ ጎን ዘመመች፣ ባሌስትራው ሲጥጥ አለ፣ አያቴ «ማርያም! ማርያም!» አሉ። መሪው መዳፌ ውስጥ ሲወራጭ አልታገልኩትም፤ አውራ ጣቶቼን ወደ ውጭ አድርጌ አብሬው ዞርኩ። አንዱ ጎማ ወጣ፣ ሌላው ተከተለ። የመጨረሻው ሲወጣ አያቴ እልልታውን አቀለጡት።

በጭድ ተራ በኩል መርካቶ ስንገባ ሰው ሥራውን ትቶ አየን። በዚያ ዘመን ጂፕ የምትነዳ ሴት ልጅ ብርቅ ናት። ጨው ነጋዴው የታሰረውን ጣት አይተው «ምን ነካህ?» አሏቸው።

«ምክሬን የማይሰማ ሹፌር ገጥሞኝ» አሉ አባቴ። ሰውየው በትዝብት ወደ እኔ ሲዞሩ ግን «እሷ አይደለችም፣ እኔው ነኝ!» ብለው ሳቁ።

አያቴ ወንድሜን መረቁት፤ ሠርጉም ደምቆ አለፈ። ጣቱም ከረም ብሎ ዳነ። አንድ ጠዋት ግን አባቴ ከቤት ወጥተው፣ በመሪው በኩል ሳይሆን በወዲያኛው በር ጂፗ ውስጥ ገቡ።

«አባባ፣ ጣትዎ ድኗል አይደል?»

«ድኗል። ግን መርካቶን ስነዳ የኖርኩት መንገዱን እያየሁ ነው፤ ሰዉን አላየሁትም። ንጂልኝ፣ ልየው።»

ነዳሁላቸው። ያቺ ወንበር እስከ መጨረሻው የእሳቸው ሆነች። ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ሰላም ይላሉ። ከሞቱ በኋላ በዚያው መንገድ ብቻዬን ሳልፍ ባለሱቆቹ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ያነሡ ነበር። ወንበሩ ባዶ መሆኑን ሲያዩ፣ ያነሡትን እጅ ሳያወርዱ ቀስ ብለው ወደ እኔ ያዞሩታል።